ሁለተኛው ጉርሻ

የሚስቴ ወንድም በሠርጌ ቀን ሥር በሊታ ብሎኛል። ዲላ፣ በእናታቸው ግቢ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሚዜዎቼ እየሰሙ። እኔ የተበደልኩት ይህንን ነው። አላጋነንኩም፣ አልቀነስኩለትም።

እኔ የበደልኩት ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ነው። ሙሉውን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አንዲት ቃል ብቻ በሽማግሎች ፊት አውጥቻለሁ፤ እሷንም ቦታዋ ሲደርስ እናገራለሁ። የቀረውን ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ኃጢአታችንን በቀጥታ ለጌታ ነው የምንናገረው። ለጌታ መናገር ቀላል ነው። አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ሲሰማህም ፊቱ ሲለዋወጥ አታይም። ከባዱ ለማያውቅ ሰው መናገር ነው። እንግዲህ የምታነቡት ሁሉ ለዛሬ የንስሐ አባቴ ሁኑ። ሳትቸኩሉ ስሙኝ። አትዘኑልኝ።

በራሶ እባላለሁ። ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ ተወልጄ ኮንጋ ነው የሸበትኩት። ከእንሰቴ ጥላ ሥር ቡናዬ አለ፣ ከቡናዬ ሥር ጎመኔ። ቀይ ፍሬ ለቅሜ ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ሳወርድ ተረካቢው እጁን አስገብቶ አረንጓዴ አይፈልግም፤ የኔ መሆኑን ካወቀ ይበቃዋል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ጢሜ ነጭ ጣል ጣል ሲያደርግ ነው። ስለዚህ ይህን ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመልኝም። ሲጎረብጣችሁ የሚጎረብጣችሁ እኔ ነኝ።

ሥር በሊታ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ቆጮ ከእንሰት ይሠራል። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፣ ከዚያ ይጋገራል። እኛ ጌዴኦዎች ዋሳ እንለዋለን። ክፉ ዘመን ሲመጣ ጤፍ ከገበያ ይጠፋል፤ እንሰት ግን ጓሮ ቆሞ ይጠብቅሃል። አባቴ በዚህ ነው ቤት ሙሉ ልጅ ያሳደገው። እና አንድ የሱቅ ልጅ ሥር በሊታ ሲለኝ አባቴን ነው የሰደበው፣ ጓሮዬን ነው የሰደበው። በሠርጌ ቀን ምን ላድርግ? ሳቅሁ። ሚዜዎቼም እኔን አይተው ሳቁ።

ሚስቴ ወይንሸት ትባላለች። አባቷ ከሸዋ መጥተው ዲላ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። ሲሞቱ ሱቁ ለወንድሟ ለግርማ ቀረ፤ ሰዳቢዬ እሱ ነው። ደረቅ ቡና ይዤ ስሄድ ሚዛኑ ላይ የምትቆመው እሷ ከሆነች ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግርማ በሌለበት፣ ለምን እኔ ያለሁ ቀን ብቻ ትመጣለህ አለችኝ። ቡናዬ ባንቺ እጅ ይከብዳል አልኳት። ሳቀች። ሽማግሌ ላክሁ። ግርማ እህቴ ጭቃ ውስጥ አትገባም ብሎ ተቃወመ፤ እሷ እሄዳለሁ አለች፣ አለቀ። ከመብራትና ከቧንቧ ውሃ ወደ ኮንጋ ዳገት በፈቃዷ የመጣች ሴት ናት። ይህን ያዙልኝ። እኔ ለቅቄው ነበርና።

አበላሏ ግን ሌላ ነበር። ቁራሿ የዶሮ ጥሬ ታህላለች። ታላምጣለች፣ ታላምጣለች፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ውሃ ትጎነጫለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ትውጣለች። እኔ በልቼ እጄን ታጥቤ ቡና ልኮተኩት ስወጣ እሷ ገና ሁለተኛው ቁራሽ ላይ ናት። በመጀመሪያው ወር የሙሽራ እፍረት ነው አልኩ። በሁለተኛው ወር የግርማ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሥር በሊታ። ያቺ ሴት ቆጮዬን አፏ ውስጥ ስታንከባልል ባየሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣል። ስጠይቃት፣ ጉሮሮዬ ላይ ይይዘኛል እንጂ ምግቡስ ይጣፍጠኛል ትላለች።

እሺ፣ በሽታ ከሆነ ይታከም አልኩ። መጀመሪያ ክሊኒክ ወሰድኳት። ጨጓራ ነው ተባለ። በኛ አገር ጨጓራ ያልሆነ በሽታ የለም። ኪኒኑን ጨረሰች፣ ለውጥ የለም። ጎረቤቶቼ እንጥሏ ወርዶ ነው አሉ፣ እኔም አመንኩ። ወናጎ መንገድ ላይ እንጥል የሚቆርጥ ሰው አለ፣ እዚያ ወሰድኳት። አልፈልግም ብላ ነበር። እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደም ተፋች፣ ለሳምንት አጥሚት ብቻ ጠጣች፣ ከዚያ ቆጮ ቀረበላት። እንደ ድሮው ያንኑ አንከባለለችው።

አሁን የኔን አእምሮ ተመልከቱ። እንጥሏ ተቆርጦ ካልተሻላት ይህ በሽታ አይደለም፣ ንቀት ነው አልኩ። ቆራጩ ተሳስቶ ይሆን አላልኩም። ያልተቆረጠ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን አላልኩም። የሰፈሬ ሰው የሚያውቀው በሽታ ሁሉ አልቋል፤ የቀረው ንቀት ነው። ወንድሟ በአፉ ያለውን እሷ በጉሮሮዋ እያለችው ነው። እንዲህ ነው የደመርኩት፣ ፊደል ሳልቆጥር።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን አለማወቅ ነው ትሉኝ ነበር። እኔም ለራሴ እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ለማንም ያልነገርኩት ይኸው ነው።

ለፋሲካ እናቷ ቤት ዲላ ወረድን። ነጭ የጤፍ እንጀራ፣ ዶሮ ወጥ፣ የወንድሟ ቤተሰብ በሙሉ። ከሷ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። የጎረሰችው እንጀራ ነው፣ የእናቷ እንጀራ። ያዛት። አንገቷ ተወጠረ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷ ሳይደናገጡ ተነሥተው ጀርባዋን በመዳፋቸው መቱ፣ መቱ፣ ወጣላት። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ «ይሄ ነገር እስካሁን አልተወሽም እንዴ? ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ» አሏት። ግርማ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላ ነበር፤ አልሰማም። እኔ ሰማሁ።

በሚኒባስ ስንመለስ፣ ወናጎን አልፈን ይርጋጨፌ እስክንደርስ፣ መስኮት መስኮቱን እያየሁ አሰብኩት። እንጀራም ይይዛታል። ልጅ ሆናም ይይዛት ነበር። እንግዲያ ቆጮ አይደለም። እንግዲያ ንቀት አይደለም። ቀላል ሒሳብ ነው፣ ማንም መሃይም ይሠራዋል። ታዲያ ለምን አልሠራሁትም? ሠርቼዋለሁ። መልሱን ነው ያልወደድኩት። እሷ ከታመመች እኔ አልተናቅሁም። ካልተናቅሁ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ያኮረፍኩት፣ ፊት የነሣኋት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ የተኛሁት በምን ምክንያት ነው? በደሌን ወድጄው ነበር። ከቤቴ እንዲወጣ አልፈለግሁም። ይርጋጨፌ ወርደን ሞተር ላይ ስንወጣ ሐሳቡን እዚያው ጣልኩት።

በዚያው ዓመት ቡና ሰጠ። የሳር ቤቴን አፍርሼ ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ፤ ግድግዳው የተለሰነ፣ በሩ ሰማያዊ። በመንደሩ ከኔ በፊት እንደዚያ ያለ በር የሰቀለ የለም። ለምረቃው በሬ ጣልኩ፣ ኮንጋን በሙሉ ጠራሁ። ግርማንም ጠራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን በር የሠራሁት ግርማ እንዲያየው ነው።

መጣ። አየ። በሩን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ጥሩ ነው በራሶ፣ ቀለሙ ብቻ ትንሽ ጮኸ» አለ። ተቀመጠ። ቆጮ በቅቤ፣ ጎመን፣ ክትፎ ቀረበ። በአባቴ ቤት ወግ አዲስ ቤት ሲገባ ባል ሚስቱን ያጎርሳል፣ እንግዳ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆርሰው። ወይንሸት አጠገቤ ቆማ በጆሮዬ፣ «ትንሽ አድርጋት» አለችኝ። ግርማ ሰማ። እየሳቀ፣ «ምን ታድርግ፣ የኛ ቤት ልጅ ሥር አልለመደችም» አለ። ሰው ሳቀ። የኔም ሰዎች ሳቁ።

ያኔ ነው ያደረግሁት። ቆጮውን በክትፎ ጠቀለልኩ፣ ጭብጥ የሚያህል። አጎረስኳት። አፏ ሞላ፣ ጉንጯ ተነፋ፤ እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች። ከወዲያ በኩል አንዱ፣ አንድ ያጣላል፣ ድገማት አለ። ሌሎቹ ተቀበሉት፤ አንድ ያጣላል፣ ድገማት፣ ድገማት። ጉርሻ ሲሰጥ በአገሩ ሁሉ የሚባል የፍቅር ቃል ነው፣ እነሱ አልበደሉም። የመጀመሪያውን አልዋጠችም። አየሁ። ዓይኗ ላይ የፋሲካውን ዕለት አየሁ። አወቅሁ። አውቄ ሁለተኛውን ጠቀለልኩ። አውቄ አጎረስኳት። በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። እኔ ነኝ፣ በዚህ አሁን እስክሪብቶ በያዘው እጅ።

ወደቀች። ከንፈሯ እንደበሰለ እንጆሪ ጠቆረ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ከቆሙት መሃል የተንቀሳቀሱት ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው፤ በሆዷ አዙረው ጀርባዋን በጡጫ ደበደቧት፣ ጣታቸውን አስገብተው አወጡት። ተነፈሰች። ያን ትንፋሽ፣ እንደ መጋዝ የሚሰማውን፣ አሁንም እሰማዋለሁ።

እና ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ውሃ አቀበልኳት? ደገፍኳት? በሰው ፊት፣ «የኔን ምግብ ከመዋጥ ሞት ይሻላታል። ውሰዳት» አልኩ። ለግርማ ነው ያልኩት። ግርማ እህቱን ደግፎ አነሣት።  እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ። አውቄ ያደረግሁት እንደሆነ ከፊቴ ልታነብ ነው የምታየኝ። ፊቴን ወደ እንግዶቼ መለስኩና፣ ብሉ አልኩ። በሉ።

መንደሩ ለኔ ፈረደ። የከተማ ሴት ቆጮ ትጸየፋለች ተባለ፣ በራሶ ክብሩን ጠበቀ ተባለ። ያን ክብር ለብሼ ዓመታት ተመላለስኩ። ፍቺ አልጠየቅሁም፣ እሷም አልጠየቀችም። ሌላ አላገባሁም። ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ገባሁ፤ ምክንያቱ በግርማ ሱቅ በራፍ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለምፈልግ ነው። ሳነበው ለካ የግርማ ስም ብቻ ነው። ለዚህ ነው እንዴ የኮራው? አልኩ። ግን ማንበብ ከጀመርክ ማቆም የለም። መጽሐፍ ቅዱሱን በራሴ ዓይን አነበብኩ፣ የማዳበሪያውን ጆንያ አነበብኩ፣ በግድግዳ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። በዚህ እኮራለሁ። ልደብቀው?

አንድ ጠዋት ቡና እየለቀምኩ ስልኬ ጮኸ። ግርማ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«በራሶ፣ ደም ትሰጣለህ?»

«ለማን?»

«ለሚስትህ።»

ከዚያ ነገረኝ። ወይንሸት አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ምግብ ካቆመች ወር አልፏታል፣ ወተትና ሾርባ ብቻ ነው የሚወርድላት፤ ስትተኛም ያፍናታል። ዲላ ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር አጠጥቶ ራጅ አነሣት። ነጩ ወርዶ ወርዶ ደረቷ ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ነገር ተጭኖት ጠበበ። ሐዋሳ ተልካ በትልቁ ማሽን ታየች፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ቀዶ ጥገና ተቀጥሯል፣ ደም ሰጪ ይፈለጋል። ግርማ ስኳር አለበት፣ መርፌ ይወጋል፣ አይቀበሉትም። ከሁሉ ሰው እኔን መጥራት ምን እንደሆነበት በድምፁ ሰማሁት። ደስ አለኝ። ይህንንም ጻፉብኝ።

በማግሥቱ ተሳፈርኩ። ደም የምትቀዳው ነርስ እጄን አስራ ሥሩን ስታይ፣ አባት ምን ቢበሉ ነው እንዲህ ገመድ የሚያህል አለችኝ። ቆጮ አልኳት። ከረጢቱ ሳያስቆጥራት ሞላ። ደሜ እሷ ውስጥ ነው የሚገባው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ነርሷ ሳቀች፤ የእርስዎ ወደ ደም ባንክ ይገባል፣ ለሷ ሌላ ይወጣላታል፣ የእርስዎ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም አለች። ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በጌዴኦ እንሰት የሚራመድ አንድ ሰው አለ።

ቀዶ ጥገናውን የምትሠራው ዶክተር አጭር ሴት ናት፣ የኛው አገር ልጅ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። እኔንና ግርማን ቢሮዋ አስቀምጣ በኮምፒውተር አሳየችን። ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ቧንቧ በሰው ሁሉ ወደ ግራ ታጥፎ ነው የሚወርደው። ወይንሸት ስትፈጠር ወደ ቀኝ ታጥፏል። ወደ ግራ ክንዷ የሚሄደው ቅርንጫፍ ያለ ቦታው ከኋላ በቅሏል፤ መነሻው ላይ እንደ ከረጢት ተነፍቷል። አንድ ጅማት ደግሞ ከፊት መጥቶ ዙሪያውን ገጥሟል። ምግብ የሚወርድበትና አየር የሚገባበት ቱቦ በዚያ ቀለበት መሃል ናቸው። እኔ ቃጫ ፍቄ ገመድ የምገምድ ሰው ነኝ፤ ማነቆ ሳይ አውቀዋለሁ። ከእናቷ ማኅፀን ጀምሮ በማነቆ ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ በዚያ ማነቆ ላይ ጭብጥ ቆጮ ገፋሁ።

በሕፃንነቷ ቢታወቅ ጅማቱን መበጠስ ይበቃ ነበር አለች ዶክተሯ። አሁን አዋቂ ናት። ከረጢቱ ከዕድሜዋ ጋር ተነፍቷል፣ አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል፣ ስለዚህ እሱም ይወጣል። መጀመሪያ አንገቷ ሥር ተከፍቶ የክንዷ ቧንቧ ወደ ጭንቅላት ከሚወጣው ጋር ይሰፋል፣ ክንዷ ደም እንዳያጣ። ከቀናት በኋላ በግራ ጎኗ በጎድን አጥንቶቿ መሃል ይገባና ከረጢቱ ተቆርጦ ቦታው ይጠገናል፣ ጅማቱ ይበጠሳል። ልትሞት ትችላለች ወይ አለ ግርማ። ትችላለች አለች። ብትተርፍም፣ ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ እዚያው ቀለበቱ ሥር ስለሚያልፍ፣ ድምፅዋ ሊበላሽ ይችላል። ለሷ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላ ፈርማለች አለችን።

ከዚያ ጠየቀችን። «ክፉኛ አንቋት፣ ራሷን ስታ የምታውቅበት ጊዜ አለ?»

ግርማ ዞሮ እኔን አየ።  ለኔ ነው የተወው።

«አላውቅም» አልኩ።

ስሙኝ እንግዲህ፣ የንስሐ አባቶቼ። ለሕይወቷ ቢላ ለያዘችው ሴት፣ ደሜን ከሰጠሁ በኋላ፣ በዚያ ንጹሕ ክፍል ውስጥ፣ አላውቅም አልኩ። ዶክተሯ ከግርማ ሌላ ነገር ጠየቀች፣ አለፈ። ለሕክምናው ምን እንዳጎደለ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም። ለኔ ግን ሁለተኛው ጊዜ ነው። አንዴ በእጄ፣ አንዴ በምላሴ።

ሁለቱም ቀዶ ጥገና ተሠራ። ሁለተኛው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ዘለቀ። ኮሪደሩ ላይ እኔና ግርማ በአንድ አግዳሚ ወንበር በሁለት ጫፍ ተቀምጠን በሩን ስናይ ዋልን። ዶክተሯ ወጥታ ጭምብሏን አወረደችና ተሳክቷል አለች። ግርማ አለቀሰ። እኔ ቆምኩና እጇን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከሰው ልብ ሥር ገብታ ተፈጥሮ የሳተውን ያቃናች እጅ ናት። እንዲህ ያለ ልጅ አገራችን እንደምትወልድ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አገሬን አከበርኳት።

ሲፈቀድልኝ ገባሁ። ቱቦ ከጎኗ ተሰክቶ፣ ከፍ ባለ ትራስ ላይ፣ ሩዝ በማንኪያ እየበላች ነው። ማንኪያ ሙሉ። ሳታቆም። አልጠራችኝም፣ አልከለከለችኝም። ጨርሳ ሳህኑን አስቀመጠች። የወጣው ድምፅ የሌላ ሰው ነው፣ የጎረነነ፣ የተቀደደ፣ ከሹክሹክታ ከፍ ያለ። ነርቩ ተነክቷል።

«ለደሙ አመሰግናለሁ» አለችኝ። «ለጉርሻው ሶንጎ እንገናኝ።»

ሶንጎ የኛ የጌዴኦ የሽማግሎች ሸንጎ ነው። ፍርድ ቤት ዲላ አለ፤ የከተማ ልጅ ናት፣ ወንድሟ ጠበቃ ያውቃል። እሷ ግን የኔን አባቶች መረጠች። ውሸት የማይነገርበትን ቦታ መረጠች። በሶንጎ የዋሸ ሰው ቤቱ አይቆምም ይባላል፣ እኔም ይህን አምኜ ያደግሁ ነኝ። ጴንጤ መሆኔ ይህን አላስለቀቀኝም።

ቁስሏ ሲደርቅ መጣች። ሽማግሎቹ የሁለታችንንም ሰሙ። እኔ በሰው ፊት አዋርጄ አባርሬያታለሁ፣ በድያለሁ አልኩ፤ ማወቄን አላነሣሁም። በሬ ፈረዱብኝ። እሷ ተነሣች። ድምፅዋ ስለማይሰማ ሽማግሎቹ ሁሉ ወደፊት አጎነበሱ።

«አባቶቼ፣ በሬ አልፈልግም። ያን ቀን የበሉት ይጠሩልኝ። በነሱ ፊት አንድ ነገር ጠይቄው እሄዳለሁ።»

ማን ይጥራቸው ሲባል እኔ እጠራለሁ አልኩ። በየደጁ ዞርኩ። የሞተ አለ፣ ይርጋጨፌ የገባ አለ፣ እሱንም ሄጄ ነገርኩት። ቤቴን ስመርቅ የበላህ፣ ቅዳሜ ሶንጎ ና። ምን ልትደግስ ነው ደግሞ የሚለኝ ነበር። የምደግሰው እኔን ነው እለው ነበር። እማማ ጥሩነሽ ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸውን ይዤ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ፣ «ያን ቀን ለምን ቆመህ ታየኝ ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ። ይደርሳሉ እማማ፣ ይሰማሉ አልኳቸው።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ግርማም መጣ። ወይንሸት ተነሥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። አንገቷ ሥር ያለውን ጠባሳ አልሸፈነችውም።

«ሁለተኛውን ስታጎርሰኝ፣ መዋጥ እንደማልችል አውቀህ ነበር?»

አላወቅሁም ብል ማን ይመሰክርብኛል? እናቷ ሞተዋል። በፋሲካው ያሉትን ከሷና ከኔ ሌላ የሰማ የለም። አላወቅሁም እንድል እያንዳንዱ ፊት ሲለምነኝ አየሁ፤ ከነሱም ትከሻ ላይ ሸክም ይወርድ ነበር። አላወቅሁም ማለት በጣም ቅርብ ነበር።

«አውቄ ነበር» አልኩ።

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የምኮራበት ቃል ይህ ነው። አትቆጡ። ሥራው አስነዋሪ ነው፣ ቃሉ ግን የኔ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስያዘኝም። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ድገማት ብሎ የጮኸው ሰው ተነሥቶ ሄደ። ግርማ ብድግ ብሎ፣ «ስድቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በሠርጉም በምረቃውም፣ እኔም ልጠየቅ» አለ። እሷ በእጇ አስቀመጠችው። የሱን ተራ አልፈለገችም።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ። «እብድ ነኝ እል ነበር። አይቶኝ ነበር ብዬ ለሰው ስናገር ማንም አላመነኝም። ይቅር ብያለሁ፣ በራሶ። ቤትህ ግን አልገባም።»

ሽማግሎቹ ሊለምኗት ተነሡ፤ የተለመደ ነው፣ ይቅርታ ካለ ትመለሳለች። እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። ተዋት፣ ፍርዱ ፍርድ ነው አልኩ። አልለመንኳትም። ስለምወዳት ነው እንዳትሉ፣ ስለምኮራ ነው እንዳትሉም፤ ሁለቱም አለበት፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ሽማግሎቹ እጃችንን አነካክተው ነገሩን ዘጉት። እሷ ከወንድሟ ጋር ወደ አስፋልቱ ወረደች። ዳገቱን ስትወርድ ሳትቆም፣ ሳታርፍ ነው የወረደችው።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተን አልበደልኩም፤ አለማወቅ ነበር እያላችሁም አታቅሉልኝ። የበደልኳት አንዲት ናት፣ ጠይቃኛለች፣ መልሻለሁ፣ ፈርዳለች።

ነገሩ ያለቀው ኮንጋ፣ ቅዳሜ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።